እናት ጎል

ትልቅ ክለብ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዋንጫ መቁጠሩን ትቶ ሣሩን ይመልከት። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሃያ ሁለት ዓመት የአንድ ክለብ ሜዳ የተንከባከበ ሰው ያሻውን የመናገር መብት አለው፤ ያውም የእኛን የመሰለ ክለብ። ስታዲየማችን ሰፊ አይደለም፤ ተጫዋቾቻችን የሚጓዙት በአውቶቡስ ነው፤ የልብስ መቀየሪያው በር በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ነገር ግን እኛ ሜዳ ላይ ኳስ ነጥራ ያልታሰበ ቦታ ሄዳ አታውቅም። ወደ ተመታችበት ትሄዳለች። ይህ የእኔ ሥራ ነው። ጉራ ከሆነም ጉራ ይባል።

ሰው ሁሉ «ሜትር» ነው የሚለኝ፤ ሜትር ከኪሴ ተለይቶ ስለማያውቅ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት መስመሩን እለካለሁ፤ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቧን ደግሞ ሦስት ጊዜ። ግድግዳ ላይ ያጋደለ ፎቶ ካየሁ በሰው ቤትም ቢሆን ተነሥቼ አቃናለሁ። የጎረቤት አጥር ከተዛነፈ ለባለቤቱ ሳልነግር አላልፍም። በዚህ ጠባዬ የተነሳ ሰላምታ የነፈጉኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ስለ ደጋፊ የነበረኝን አስተያየት አልደብቅም፤ ንቄያቸው ነው የኖርኩት። እነሱ ኳሷን እያዩ ሲጮኹ እኔ የተከላካዩ ጫማ የገነጠላትን ሣር ነበር የማየው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር አይቼ አላውቅም። ጎል ገባ ሲባል «የት ጋ ረገጡት?» እል ነበር።

ታላቅ እህቴ ግን ከደጋፊም ደጋፊ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ክለባችን ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ካነሳ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። በእነዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት እህቴ የቀረችው ከሁለት ጨዋታ ብቻ ነው፤ አንደኛው ባሏን የቀበረች ዕለት፣ ሁለተኛው እኔ ትርፍ አንጀቴን ተቀድጄ ሆስፒታል የተኛሁ ዕለት። በሁለተኛው እስከ ዛሬ ትቆጫለች።

ያን ዓመት ነገሩ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ በሜዳችን ነበር፤ ከሚከተለን ቡድን ጋር። አቻ ብንወጣ እንኳ ዋንጫው የእኛ ነው። ደጋፊው ደግሞ አንድ መመኪያ ነበረው። በሰሜን በኩል ያለውን ጎል «እናት ጎል» ይለው ነበር። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ጎል ላይ አንድም አልተቆጠረብንም። ስምንት ጊዜ ኳስ አግዳሚውን መታ፤ ስምንቱንም ጊዜ ተመለሰ። ስለዚህ አምበላችን በተቻለው መጠን ሁለተኛውን አጋማሽ እናት ጎልን ይዘን እንድንጨርስ ያደርግ ነበር። እህቴ የምትቀመጠው ከዚያው ጎል ጀርባ አራተኛው ረድፍ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የእናት ጎልን መረብ ሳጠብቅ በረኛችን ብቻውን መጣ። ቁም ሣጥን ነው የምንለው፤ ቁመቱንና ትከሻውን ያየ ለምን አይልም።

«ጋሼ ሜትር፣ ይቺ ጎል ወዳጄ ናት» አለኝ።

«ምነው?»

«እዚያ ማዶ አግዳሚውን ቆሜ የምነካው በጣቴ ጫፍ ነው። እዚህ ጨብጬ ልንጠለጠል እችላለሁ። እናት ሲሏት እውነት ነው፣ ዝቅ ብላ ነው የምትጠብቀኝ።» እጁን ሰቀለና ብረቱን ጨበጠው።

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ሜትሬን አውጥቼ በግራ ቋሚ በኩል ለካሁ፤ በቀኝ ለካሁ፤ መሃል ላይ ለካሁ። ከመሬት እስከ አግዳሚው ሁለት ሜትር ከአርባ አራት መሆን አለበት። የእኛው ሁለት ሜትር ከሠላሳ ሰባት ነበር። ሰባት ሳንቲ ሜትር ጎድሏል።

እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ዝናብ ሲመጣ ውሃ የሚያቁረው እዚያ ጎል አፍ ላይ ነው። እኔም በየዓመቱ አሸዋ እበትናለሁ፣ አፈር እጨምራለሁ፣ ዘር እዘራለሁ፣ በመዳመጫ እዳምጣለሁ። በዓመት የሚጨመረው ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲደመር ግን መሬቱ ወደ ብረቱ አደገ። መስመር ሦስት ጊዜ የምለካው ሰውዬ አግዳሚውን አንድ ቀን እንኳ ለክቼው አላውቅም፤ ብረት አያድግ፣ አያጥር ብዬ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ቁም ሣጥን ሜትሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ለካ። ብዙ የሚያወራ ልጅ አይደለም።

«ስምንቱ ኳስ?» አለ።

«አላውቅም ልጄ። አንዳንዱ ይወጣ ነበር፣ አንዳንዱ ይገባ ነበር።»

«ዓመቱን ሙሉ ሲያጨበጭቡ የነበረው ለእኔ ነበር ለብረቱ?» ጓንቱን አውልቆ ብብቱ ሥር ከተተና ሄደ። ልጁ ከልቡ ማዘኑን ከአረማመዱ አየሁ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣሁ። ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ ትሑት፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ቢሮው ከልብስ መቀየሪያው በላይ ነው፤ መስኮቱ ሜዳውን ያሳያል። ስገባ የመስታወት ሣጥኑን መካከለኛ መደርደሪያ ባዶ አድርጎ በጨርቅ ይወለውላል። ለዋንጫው ቦታ ማሰናዳቱ ነበር።

ሁሉንም ቆሜ ነገርኩት።

«ማን ያውቃል?» አለ።

«በረኛው። አለቃ፣ አንድ ከሰዓት ብቻ ይበቃኛል። ሣሩን ገልጬ አሸዋውን ላውጣና መልሼ ላልብሰው።»

«ሰኞ ይቆፍሩታል፣ ጋሼ ሜትር።»

«ጨዋታው እኮ እሑድ ነው!»

«ለዚያ እኮ ነው ሰኞ ያልኩዎት።» ፈገግ አለ። «ይስሙኝ። ጎሉን እኛም እንጠብቀዋለን፣ እነሱም ይጠብቁታል፤ አርባ አምስት አርባ አምስት ደቂቃ። ማን ተበደለ?»

«እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም። ያላወቀው ነዋ የተበደለው።»

«ዛሬ ቢቆፍሩት ሰው ለምን ይላል። ለምን ካለ የዓመቱ ውጤት በሙሉ ይነሣል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሕዝብ አለ። ትልቅ ክለብ ማለት ዋንጫ የሚያነሳ ክለብ ነው። አግዳሚው ስንት ነበር ብሎ ኋላ የሚጠይቅ የለም።»

ጮኽኩበት። «ትልቅ ክለብ ማለት ሜዳውን አስተካክሎ፣ እንግዳውን ና የምትችለውን አድርግ ብሎ፣ ከዚያ የሚያሸንፍ ነው። አሸዋ ተደግፎማ ማንም ያሸንፋል!»

«አሸዋውን የደፋው ማን ሆነና? አንተ አይደለህ?» አለኝ። በአንድ አፍታ ከእርስዎ ወደ አንተ ወረድኩ። «ብትነካው ከዚህ ግቢ ትወጣለህ። ነግሬሃለሁ።»

የደፋሁት እኔ መሆኔ እውነት ነው። ወጣሁና እግሬ ወደ እህቴ ሱቅ ወሰደኝ።

ሱቋ አንድ በር ነው። ሁለት የስፌት መኪና አላት፤ አንዱ ይሰፋል፣ ሌላው ዕቃው እየተፈታ ያኛውን ያኖራል። ያን ቀን ወለሉ ሰማያዊና ነጭ ጨርቅ ለብሶ ነበር፤ ግማሽ ከተማ ለእሑድ ማልያና ባንዲራ አሠፍቷታል። ከንፈሯ መሃል መርፌ ቁልፍ ደርድራ ነበር።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል» አለችኝ በመርፌዎቹ መሃል።

ነገርኳት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች። ከዚያ የአንገቷን ሜትር ዘርግታ ሰባት ሳንቲ ሜትር ላይ በአውራ ጣቷ ያዘችና አየችው። የአንድ ቀሚስ እጥፋት ታክላለች።

«ስምንቴ ብረቱን መታ» አለች። «ስምንቴም ተነሥቼ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳመሰግን የኖርኩት ያንተን አሸዋ ኖሯል?»

«እትዬ፣ እኔ አውቄ መሰለሽ?»

«አውቀህ አላልኩህም! ለምን ነገርከኝ ነው የምልህ። ሳላውቅ ብደሰት ምን ቸገረህ?»

«ልቆፍረው ነው።»

ተነሣች። «አትንካው! ሰኞ ቆፍረው፣ ከፈለግህ ብረቱን ነቅለህ ጣለው። እሑድ ግን አትንካው። ደጋፊ ምን እንደሚሰማው አንተ አታውቅም፣ አንተ የምታየው ሣር ነው። እኔ ስንሸነፍ እህል አይወርድልኝም። በማግስቱ ደንበኛ መጥታ፣ ተሸነፋችሁ አሉ ስትለኝ፣ እየሳቅኩ ልኬቷን እወስዳለሁ፤ ሆዴ ግን ያራል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት! ለባሌ ያነባሁትን ያህል ለዚህ ክለብ አንብቻለሁ። አሁን ደረሰልኝ ስል አንተ አካፋ ይዘህ ትመጣለህ?»

«ብቆፍረውም እናሸንፋለን፣ እትዬ።»

«ብትነካው አታናግረኝ» አለችና ፔዳሉን ረገጠች። መኪናው ጮኸ። የእህቴን ኩርፊያ የማያውቅ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። መቀስ ተውሳ የሰበረችባትን ጎረቤት ስድስት ዓመት አላናገረቻትም፤ ያውም ግድግዳቸው አንድ ነው።

እንግዲህ በአንድ በኩል እንጀራዬ፣ በሌላ በኩል እህቴ። ወደ ሜዳው ስመለስ ሁለቱንም እያመዛዘንኩ ነበር፤ አካፋው ግን ከመጋዘን ወጥቶ እጄ ላይ ነበር። ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም። አንደኛ፣ የተዛነፈ ነገር እያየሁ መቀመጥ አልችልም፤ የተፈጠርኩት እንዲያ ነው። ሁለተኛ፣ እናሸንፋቸዋለን ብዬ ከልቤ አምናለሁ። አሸዋ የሙጥኝ የሚለው ክለቡን የማያምን ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁም እህቴም እንደ ደካማ ቆጠሩን፤ ያበሳጨኝ ይህ ነው።

ሣሩን በክንድ ስፋት እየቆረጥኩ እንደ ምንጣፍ ጠቀለልኩት። ሥሩ ያለውን አሸዋ በጋሪ አወጣሁ። ጉድጓድ ሆኖ ውሃ እንዳያቁር ከትንሹ ሳጥን ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲወርድ አደረግኩት። ትኬት ሊገዛ የተሰለፈው ሕዝብ በሽቦው አጥር በኩል ያየኛል።

«ሜትር! እዚያ ምን እየቀበርክ ነው?» አለኝ አንዱ።

«የምቀብረው የለም። ሰባት ሳንቲ ሜትር አሸዋ እያወጣሁ ነው። እናት ጎላችሁ አጭር ነበረች!»

ሰልፉ እንደ ንብ ተንጫጫ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ሁሉ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ለሥራ አስኪያጁም እኔን ማስቆሙ ትርጉም አልነበረውም። ሣሩን መልሼ አለበስኩት፣ ዳመጥኩት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ለካሁት። ሁለት ሜትር ከአርባ አራት፤ በግራ፣ በቀኝ፣ መሃል። ቀና ስል ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቆሞ እጁን ዘርግቷል። የመጋዘኑን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። የተኩኝ ሰው ጎበዝ ሠራተኛ ነው አሉ፤ መስመሩ ግን ወደ ግራ ያዘነብልበታል።

እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተሰልፌ ትኬት ቆረጥኩ። አንዳንዱ መንገድ ለቀቀልኝ፤ አንዳንዱ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። አራተኛው ረድፍ ላይ ወጣሁ። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ትኬት ነው የምትቆርጠው፤ አጠገቧ ባዳ እንዳይቀመጥ ሁለተኛው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች። ስደርስ ቀና ብላም አላየችኝ። ቦርሳውን አነሣችና ጉልበቷ ላይ አደረገች። ተቀመጥኩ።

ከጨዋታው በፊት የጨዋታው ኮሚሽነር ሜትር ይዞ ወጣና ሁለቱንም ጎሎች ለካ። ወሬው ደርሶታል። ኋላ እንደሰማሁት፣ ሁለቱም ቡድኖች በየአጋማሹ የጠበቁት ጎል ስለሆነ ያለፈው ውጤት አይነካም፣ ክለቡ በማስጠንቀቂያ ይታለፍ ተብሎ ነው የተወሰነው። ኮሚሽነሩ እናት ጎልን ለክቶ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅ ግን ያጨበጨበ አልነበረም።

ጨዋታው ተጀመረ። አሁን እንግዲህ የደጋፊን ነገር ልናገር፤ ከተናገርኩ ላይቀር እውነቱን። መጀመሪያ ላይ እንደልማዴ ሣሩን አየሁ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሣሩን ረሳሁት። የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ይጨብጣል፤ እኔም የማላውቀውን ሰው ክንድ ይዣለሁ። አጥቂያችን ኳሷን መሬት ለመሬት ሰዶ አንድ ለዜሮ ስንመራ ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ሦስት ቀን ዘግቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚህን ሰዎች መናቄን ሳስብ አፈርኩ። እነሱ በየሳምንቱ ይህን ተሸክመው ወደ ሥራቸው ይመለሱ ኖሯል!

በሁለተኛው አጋማሽ ቁም ሣጥን ወደ እኛ መጣ። እናት ጎልን እንድንይዝ አምበሉን የለመነው እሱ ራሱ ነው አሉ። ወደ ጎሉ ገብቶ ዞር አለና ከጀርባው ያለነውን ተመለከተን፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ።

ሃያ ደቂቃ ሲቀር የእነሱ አማካይ ከሩቅ መታ። ኳሷ የአግዳሚውን ታች መታችና ወደ ውስጥ ወረደች። አንድ ለአንድ። ስታዲየሙ ውስጥ ያ ኳስ ትናንት ቢሆን ይመለስ እንደነበር ያላወቀ ሰው አልነበረም።

ከጀርባችን አንድ ወፍራም ሰውዬ ተነሣ። «ያ ሜትር የሚሉት ሰውዬ እጁ ይቆረጥ! ማን ቆፍር አለው? ይህ ክለብ በገዛ ሰዎቹ ነው የሚሞተው!»

እህቴ ተነሥታ ቦርሳዋን ወንበሯ ላይ አስቀመጠችና ዞረች።

«ወንድሜ ነው» አለችው። «መስደብ ካማረህ እኔን ስደብ፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ደግሞ አንተ ክለብህን በብረት ተማምነህ ነው የምትደግፈው? ተቀመጥ!»

ሰውዬው ተቀመጠ። እሷም ተቀመጠች። ወደ እኔ አሁንም አልዞረችም፤ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ መልሳ አቀፈች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ደቂቃ ሃያ ዓመት ነበር። አቻው ይበቃናል፤ እነሱ ደግሞ እንደ ጎርፍ መጡ። ለባከነው ሰዓት ከተጨመረው በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሳጥኑ ጫፍ ላይ ኳሷ ለዚያው አማካይ ተመቻቸችለት። እግሩን ሲያነሣ አየሁ። የሜዳው ዳኛ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ቁልፉ፣ ሁሉም ከራሴ ጠፋ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ እህቴ። ይህ ቢገባ የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ልኳን አጠገቧ ልቀመጥ፣ የምመልሰው ነገር የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

አዎ፣ ጨፈንኩ። የቡጢ ምት የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጩኸት፤ የማን ጩኸት እንደሆነ አልለየሁትም።

«ገባ?» አልኩ።

«ዝም በል!» አለች እህቴ። ከቅዳሜ ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት።

«እትዬ፣ ገባ ወይ?»

«አወጣው! በእጁ አወጣው! ዘሎ አወጣው!» ዓይኔን ስገልጥ ቁም ሣጥን መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ተከላካዮቹ ሁሉ ላዩ ላይ ተከምረዋል፤ ኳሷ ከጎሉ ጀርባ እኛ እግር ሥር ትንከባለላለች። ወዲያው ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ሦስት ጊዜ።

ሕዝቡ ወንበር ላይ ወጣ። ወፍራሙ ሰውዬ ከጀርባ አንገቴን አቅፎ ይስመኛል፤ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ቢያውቅም ግድ የሰጠው አይመስለኝም። እህቴ ኮሌታዬን በሁለት እጇ ይዛ ታርገፈግፈኛለች። እንባዋ እየወረደ ነው። አፌ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ መጣ።

«ኳሷ ከብረቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ነበር?»

«መለካቱን ተወውና አልቅስ!» አለችኝ። «ብረቱን አልነካውም። ልጁ ነው ያወጣው። ይኼኛው የራሳችን ነው፣ ሰማህ? ማንም አልሰጠንም።»

እሺ አልኳት፤ አለቀስኩም።